የአንዲት ሴናተር ድምፅና የአየርላንድ የአልኮል ሕግ ረጅም ጉዞ

የአየርላንድ ፕሬዚዳንት ማይክል ዲ ሂጊንስ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 17 ቀን 2018 አንድ ሕግ ፈረሙ። ሕጉ የአልኮል መጠጥን እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ከማየት ይልቅ የሕዝብ ጤና ጉዳይ አድርጎ የሚመለከት ነው። ረቂቁ ለፓርላማ ከቀረበበት ጊዜ አንሥቶ እስኪፈረም ድረስ ወደ ሦስት ዓመት የሚጠጋ ክርክር ተደርጎበታል። አንዱ ክፍሉ ደግሞ ከተፈረመ ዓመታት ካለፉ በኋላም ገና ሥራ ላይ አልዋለም። በዚህ ረጅም ጉዞ ውስጥ ስማቸው ደጋግሞ የሚነሣ አንዲት ሴት አሉ፤ ድምፃዊትና ሴናተር ፍራንሲስ ብላክ።

የሴናተሯን ታሪክ መመርመር የሚጠቅመው ስለ አንዲት የሩቅ አገር ፖለቲከኛ ለማወቅ ብቻ አይደለም። የፓርቲ ድጋፍ የሌለው፣ የሚኒስትርነት ሥልጣን የሌለው፣ በምክር ቤቱ ካሉት 60 ድምፆች አንዷን ብቻ የያዘ አንድ ሰው በማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ ምን ያህል ለውጥ ሊያመጣ ይችላል? አቅሙስ የት ላይ ያበቃል? የሕግ ወረቀትና የገበሬው፣ የነጋዴው፣ የቤተሰቡ ኑሮ ሲገናኙስ ምን ይፈጠራል? የአየርላንድ ተሞክሮ ለእነዚህ ጥያቄዎች ተጨባጭ መልስ ይሰጣል።

ከመድረክ ወደ ምክር ቤት

ፍራንሲስ ብላክ እ.ኤ.አ በ1960 በደብሊን ተወለዱ። ከሙዚቀኛ ቤተሰብ የወጡ ሲሆን እህታቸው ሜሪ ብላክም በአገሪቱ እጅግ የታወቀች ድምፃዊት ናት። ፍራንሲስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዝናቸው ከፍ ያለ ዘፋኝ ነበሩ። ከመድረኩ ጀርባ ግን ሌላ ታሪክ ነበር። በወጣትነታቸው በአልኮል ሱስ ተይዘው እንደነበርና ከዚያ እንደወጡ ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል።

ከሱስ ካገገሙ በኋላ በሱስ ማማከር ሙያ ሠለጠኑ፤ በደብሊን በሚገኝ የማገገሚያ ማዕከልም ሠሩ። ቀጥሎም ራይዝ ፋውንዴሽን የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረቱ። ድርጅቱ በዋናነት የሚረዳው ጠጪውን ሳይሆን የጠጪውን ቤተሰብ ነው። የትዳር አጋሮች፣ ወላጆች፣ ወንድሞችና እህቶች ከድርጅቱ ምክርና ድጋፍ ያገኛሉ። አንድ ሰው ሲጠጣ የሚታመመው እርሱ ብቻ አይደለም የሚለው ይህ እይታ በኋላ ላይ በምክር ቤት ንግግሮቻቸው ሁሉ ውስጥ የሚታይ መሠረት ሆኗል።

እ.ኤ.አ በ2016 በተካሄደው የሴኔት ምርጫ በኢንዱስትሪና ንግድ ዘርፍ በግል ተወዳድረው አሸነፉ። በ2020 እና በ2025 በተካሄዱት ምርጫዎችም መቀመጫቸውን አስጠብቀዋል።

ሴኔቱ ምን ሥልጣን አለው?

የአየርላንድ ፓርላማ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። ሕዝብ በቀጥታ የሚመርጠው የታችኛው ምክር ቤት ዶይል ሲባል፣ የላይኛው ምክር ቤት ወይም ሴኔቱ ሻናድ ይባላል። ሻናድ እ.ኤ.አ በ1937 በጸደቀው ሕገ መንግሥት መሠረት የተቋቋመና 60 አባላት ያሉት ምክር ቤት ነው። ከእነዚህ መካከል 43ቱ በአምስት የሙያ ዘርፎች ተከፋፍለው የሚመረጡ ሲሆን፣ መራጮቻቸው የአካባቢ ምክር ቤት አባላት፣ አዲስ የተመረጡ የዶይል አባላትና ተሰናባች ሴናተሮች ናቸው። ከአምስቱ ዘርፎች አንዱ ግብርና ሲሆን 11 መቀመጫዎች አሉት። ስድስት ሴናተሮች በዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ይመረጣሉ፤ 11ዱን ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሾማሉ።

ሻናድ ከኢትዮጵያ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋር አንድ ዓይነት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ አያወጣም፤ ሕገ መንግሥት ይተረጉማል። ሻናድ ግን ረቂቅ ሕግ ያመነጫል፣ ያሻሽላል፣ ይከራከራል። ይሁን እንጂ ሥልጣኑ የተገደበ ነው። ዶይል ያጸደቀውን ተራ ሕግ ለ90 ቀናት ያህል ሊያዘገይ ይችላል እንጂ ለዘለቄታው ሊያግደው አይችልም። በበጀትና በግብር ሕጎች ላይ ደግሞ ከአስተያየት ያለፈ ድርሻ የለውም።

በዚህ ምክንያት ምክር ቤቱ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ጥያቄ በአገሪቱ ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2013 መንግሥት ሻናድን ለማፍረስ ሕዝበ ውሳኔ ጠራ። 51.7 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ ይቀጥል ሲል ወሰነ፤ ምክር ቤቱም በጠባብ ልዩነት ከመፍረስ ተረፈ። ብላክ ከሦስት ዓመት በኋላ የገቡት እንዲህ ባለ፣ ስለ ጠቃሚነቱ ጥያቄ በሚነሣበት ምክር ቤት ነው።

መጠጥና አየርላንድ

አየርላንድና መጠጥ የቆየ ትስስር አላቸው። አርተር ጊነስ እ.ኤ.አ በ1759 በደብሊን የመሠረተው የቢራ ፋብሪካ ምርት ዛሬ በብዙ አገሮች ይሸጣል። የአየርላንድ ዊስኪ ከአገሪቱ የወጪ ንግድ ምርቶች አንዱ ነው። በገጠሩ አካባቢ መጠጥ ቤት የመጠጫ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች ለቅሶና ደስታ የሚጋሩበት፣ የእርሻና የገበያ ወሬ የሚለዋወጡበት ቦታም ጭምር ነው።

የዚያኑ ያህል መጠጥን የመቃወም እንቅስቃሴም በአገሪቱ ሥር የሰደደ ነው። አባ ቴዎባልድ ማቲው የተባሉ የካቶሊክ ካህን እ.ኤ.አ በ1838 በኮርክ ከተማ የጀመሩት ከመጠጥ የመራቅ ንቅናቄ እጅግ ብዙ ሰዎችን ቃል አስገብቶ ነበር። ከ1845 ጀምሮ በአገሪቱ የደረሰው ታላቅ ረኃብ ንቅናቄውን አዳከመው። በ1898 ደግሞ ሌላ የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ተመሥርቶ ምእመናንን ከመጠጥ እንዲርቁ ሲያስተምር ኖሯል። ከእነዚህ ጥረቶች የሚታየው እውነታ አለ። የግለሰብ ቃል ኪዳን ብዙዎችን ታድጓል፤ ዋጋን፣ ማስታወቂያንና የሽያጭ ቦታን ግን አልነካም።

በዚህ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የአየርላንድ የነፍስ ወከፍ የአልኮል ፍጆታ ለአንድ አዋቂ በዓመት ወደ 14 ሊትር ንጹሕ አልኮል ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ቢቀንስም በአውሮፓ ከፍተኛ ከሚባሉት አንዱ ሆኖ ቀጥሏል። መንግሥት ያስቀመጠው ግብ ፍጆታውን እስከ 2020 ወደ 9.1 ሊትር ማውረድ ነበር። አዲሱ ረቂቅ ሕግ የተዘጋጀውም ይህን ግብ ለማሳካት ነው።

ረቂቁ የቆመበት ጊዜ

ረቂቁ እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2015 ለሻናድ ቀረበ። በወቅቱ የጤና ሚኒስትር የነበሩት ሊዮ ቫራድካር ሲሆኑ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ይዘቱ አምስት ዋና ዋና ጉዳዮችን የሚሸፍን ነበር። እነርሱም ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ መወሰን፣ በሱቅ ውስጥ አልኮልን ከሌሎች ሸቀጦች መለየት፣ ማስታወቂያን መገደብ፣ ስፖንሰርነትን መቆጣጠርና በጠርሙስ ላይ የጤና ማስጠንቀቂያ ማስፈር ናቸው።

ትልቁ ተቃውሞ የተነሣው ከትላልቅ ፋብሪካዎች ብቻ አይደለም። በመንደርና በትንንሽ ከተሞች የሚነግዱ ባለ ሱቆችም ቅሬታቸውን አሰምተዋል። ጠባብ በሆነ ሱቅ ውስጥ አልኮልን በግርዶሽ ለይቶ ማስቀመጥ ተጨማሪ ወጪ ነው፤ ቦታም ይጠይቃል። ይህን ቅሬታ የሰሙ የገዥው ፓርቲ ሴናተሮች ሳይቀሩ በራሳቸው መንግሥት ረቂቅ ላይ ተነሡ። በዚህም ምክንያት ረቂቁ እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2016 በሻናድ ውስጥ ተገትሮ ከአንድ ዓመት በላይ ቆመ።

ብላክ አዲስ ተመራጭ ሴናተር ሆነው ያገኙት ክርክር ይህ ነው። የያዙት አቋም ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል የሚናገሩት በሥራቸው ስለሚያውቋቸው ቤተሰቦች ነበር። በመጠጥ ምክንያት በፍርሃት ስለሚያድጉ ልጆች፣ በዝምታ ስለሚሠቃዩ የትዳር አጋሮች ለምክር ቤቱ አሰምተዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ሕጉ ተቆራርጦ እንዳይቀርብ፣ አምስቱም ክፍሎች በአንድነት እንዲያልፉ ይሟገቱ ነበር። ምክንያታቸው ዋጋው ከፍ ብሎ ማስታወቂያው ልቅ ከሆነ፣ ወይም ማስታወቂያው ተገድቦ ርካሽ መጠጥ ከወተትና ከዳቦ ጎን ከተደረደረ፣ አንዱ እርምጃ ሌላውን ያፈርሰዋል የሚል ነው።

ክርክሩ እ.ኤ.አ በ2017 መጨረሻ በጤና ሚኒስትሩ ሳይመን ሃሪስ እንደገና ተጀመረ። ለትንንሽ ሱቆች መፍትሔ ተገኘላቸው። ሙሉ ግርዶሽ መሥራት የማይችሉ ነጋዴዎች አልኮሉን በተዘጋ ቁም ሣጥን ወይም በቁጥር በተገደቡ መደርደሪያዎች ማስቀመጥ እንዲችሉ ተፈቀደ። በአንጻሩ ደግሞ ረቂቁን የሚያጠናክር ማሻሻያ ገባ። አልኮል ከገዳይ ካንሰሮች ጋር ያለውን ቀጥተኛ ግንኙነት የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በጠርሙሱ ላይ እንዲሰፍር የሚያስገድድ አንቀጽ በሻናድ ተካተተ። ለዚህ አንቀጽ ግንባር ቀደም ሆነው ከተሟገቱት መካከል ብላክ አንዷ ነበሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አልኮልን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ በ1988 ነው። ሳይንሱ አዲስ አልነበረም። አዲሱ ነገር ይህን እውነት ለገዢው በሚገዛው ዕቃ ላይ ጽፎ የመንገር ግዴታ ነው። ሻናድ ረቂቁን በዲሴምበር 2017 አሳለፈ፤ ዶይል ደግሞ እ.ኤ.አ ኦክቶበር 3 ቀን 2018 አጸደቀው።

ቀስ በቀስ የተተገበረ ሕግ

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" እንደሚባለው የሕጉ ክፍሎች የተተገበሩት በየተራ ነው። ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ ከትምህርት ቤት፣ ከሕፃናት ማቆያና ከመጫወቻ ሜዳ 200 ሜትር ክልል ውስጥ የአልኮል ማስታወቂያ መስቀል ተከለከለ። በሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ላይም እንዲሁ። በኖቬምበር 2020 በሱቆች ውስጥ የመለየት ግዴታው ሥራ ላይ ዋለ። በ2021 የዋጋ ቅናሽና የነጥብ ሽልማት ማባበያዎች ታገዱ፤ በስፖርት ሜዳ ውስጥ የሚደረግ ማስታወቂያና ለልጆች በተዘጋጁ ዝግጅቶች ላይ ስፖንሰር መሆንም ተከለከለ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ደግሞ በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያ ማሰራጨት የሚቻለው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ብቻ ሆኗል።

ከሁሉም በላይ ሕዝቡን በኪሱ የነካው ግን እ.ኤ.አ ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 የተጀመረው ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በመጠጡ ውስጥ ላለው ለእያንዳንዱ ግራም ንጹሕ አልኮል ዝቅተኛው ዋጋ 10 የዩሮ ሳንቲም ነው። በዚህ ስሌት 4.3 በመቶ አልኮል ያለው ግማሽ ሊትር ቢራ ከ1.70 ዩሮ በታች አይሸጥም። 12.5 በመቶ አልኮል ያለው 750 ሚሊ ሊትር ወይን ከ7.40 ዩሮ፣ 40 በመቶ አልኮል ያለው 700 ሚሊ ሊትር ቮድካ ደግሞ ከ22 ዩሮ በታች መሸጥ አይቻልም። የመጠጥ ቤት ዋጋ ቀድሞም ከዚህ በላይ ስለነበር እርምጃው የነካው በዋናነት ከሱፐር ማርኬት የሚሸጠውን ርካሽና ጠንካራ መጠጥ ነው።

የተቃዋሚዎች ክርክር ክብደት አለው

እርምጃውን የሚቃወሙ ወገኖች የሚያነሧቸው ነጥቦች በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። የመጀመሪያው ፍትሐዊነትን የሚመለከት ነው። ሀብታሙ የሚጠጣው ወይን ዋጋ ቀድሞም ከፍ ያለ ስለሆነ አይነካም፤ የሚነካው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ነው ይላሉ። ሁለተኛው የድንበር ጉዳይ ነው። ሰሜን አየርላንድ ተመሳሳይ ሕግ ስለሌላት ለድንበር ቅርብ የሆኑ ሰዎች ተሻግረው መግዛት ይችላሉ። ሦስተኛው ነጥብ በብዙዎች ዘንድ ሳይስተዋል የሚያልፍ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ግብር አይደለም፤ ስለዚህ ከዋጋ ጭማሪው የሚገኘው ገንዘብ የሚገባው ለመንግሥት ግምጃ ቤት ሳይሆን ለሻጩና ለአምራቹ ነው። ለማገገሚያ ማዕከላት በቀጥታ የሚደርስ ሳንቲም የለም።

በዚህ ላይ የጎረቤት አገር ስኮትላንድ ተሞክሮ ብርሃን ይፈነጥቃል። ስኮትላንድ ከውስኪ አምራቾች ጋር ለዓመታት በፍርድ ቤት ከተከራከረች በኋላ ዝቅተኛ ዋጋውን እ.ኤ.አ በሜይ 2018 ጀምራለች። የአገሪቱ የሕዝብ ጤና ተቋም በ2023 ባወጣው ግምገማ፣ ሙሉ በሙሉ ከአልኮል ጋር በተያያዘ ምክንያት የሚደርሰው ሞት እርምጃው ባይወሰድ ሊሆን ከሚችለው በ13.4 በመቶ እንደቀነሰ ገልጿል። የሆስፒታል ተኝቶ ታካሚዎች ቁጥርም በ4.1 በመቶ ዝቅ ብሏል። ይኸው ግምገማ ሌላም ነገር አሳይቷል። ከባድ ሱስ ካለባቸውና ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆኑ ሰዎች መካከል መጠጡን በመተው ፈንታ ለምግብ የሚያወጡትን ገንዘብ የቀነሱ አሉ።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ዋጋ ብዙውን ጠጪ ይገታል፤ በሱስ የታሰረውን ግን ብቻውን አይፈታም። ለእርሱ ሕክምናና የቤተሰብ ድጋፍ ያስፈልገዋል። "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" እንዲሉ፣ ብላክ ስለ ሕጉ ሲከራከሩ ጎን ለጎን ስለ ሱስ ሕክምናና ስለ አእምሮ ጤና አገልግሎት በጀት መናገራቸው ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው።

በንግድ ጫና የዘገየው ማስጠንቀቂያ

ከሕጉ ክፍሎች መካከል እስካሁን ያልተተገበረው ሴናተሯ አጥብቀው የተሟገቱለት የጠርሙስ ማስጠንቀቂያ ነው። ዝርዝር ደንቡ እ.ኤ.አ በሜይ 2023 ተፈርሞ ለአምራቾች የሦስት ዓመት መዘጋጃ ጊዜ ተሰጠ፤ በሜይ 2026 ሥራ ላይ እንዲውልም ተወሰነ። ደንቡ የጉበት በሽታን፣ ካንሰርንና በእርግዝና ጊዜ የሚደርስ ጉዳትን የሚመለከት ማስጠንቀቂያ እንዲሁም የአልኮሉን መጠን በግራም ማስፈርን ያስገድዳል።

እንደ ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ስፔን ያሉ ወይን አምራች አገሮች ደንቡን አጥብቀው ተቃወሙት። ለእያንዳንዱ አገር የተለየ ጽሑፍ ማተም የአውሮፓ ኅብረትን አንድ ገበያ ይከፋፍላል የሚል ክርክር አቀረቡ። የአውሮፓ ኮሚሽን ግን ደንቡን አላገደውም። ይልቅ እንቅፋት የሆነው ከውቅያኖስ ማዶ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ በ2025 ከአሜሪካ ጋር የነበረው የቀረጥ ውዝግብ ሲባባስ የአየርላንድ መንግሥት የንግዱን ሁኔታ አለመረጋጋት ምክንያት በማድረግ በዚያው ዓመት ጁላይ ማስጠንቀቂያውን እስከ ሴፕቴምበር 2028 አራዘመው። በወቅቱ አንዳንድ ጠርሙሶች ማስጠንቀቂያው ታትሞባቸው ወደ ሱቅ መግባት ጀምረው ነበር።

የሕዝብ ጤና ተሟጋቾች ውሳኔውን ለኢንዱስትሪው እጅ መስጠት ነው ሲሉ አውግዘውታል። መንግሥት ደግሞ ሕጉ እንዳልተሰረዘና የተለወጠው ቀኑ ብቻ እንደሆነ ይናገራል። የሁለቱም ወገን አባባል አንድ እውነት ያሳያል። ምክር ቤት ያጸደቀው ሕግ የሚኖረው አስፈጻሚው በሚቆርጠው ቀን ላይ ተመሥርቶ ነው። ሴናተር ሕጉን ማስገባት ይችላል፤ ቀኑን ግን አይቆርጥም።

አንድ መቀመጫ የሚችለውና የማይችለው

ብላክ በማኅበራዊ ጉዳዮች ላይ ያደረጉት አስተዋፅኦ በአልኮል ብቻ አልተወሰነም። ካለፈው ምክር ቤት ዘመን ጀምሮ የሚታወቁበት ሌላው ሥራ የአእምሮ ጤናን የሚከታተለው የፓርላማ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢነታቸው ነው። ኮሚቴው እ.ኤ.አ በ2001 የወጣውን የአእምሮ ጤና ሕግ ለመተካት የቀረበውን ሐሳብ መርምሯል። ካተኮረባቸው ጉዳዮች መካከል ያለ ፈቃዳቸው ወደ ሕክምና የሚገቡ ሰዎች መብት፣ የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች ለሕክምና የሚሰጡት ፈቃድ እንዲሁም ሕፃናት በአዋቂዎች ክፍል እንዳይተኙ ማድረግ ይገኙበታል። መንግሥት በ2024 አዲሱን ረቂቅ ሕግ ለፓርላማ አቅርቧል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚታይ ሌላ ጉዳይ አለ። ሴናተሯ እ.ኤ.አ በ2018 በወረራ በተያዙ ግዛቶች ከሚገኙ ሰፈራዎች የሚመጡ ምርቶችን ንግድ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ በራሳቸው አመንጭተው አቀረቡ። በተለይ የእስራኤልን ሰፈራዎች የሚነካው ይህ ረቂቅ በዚያው ዓመት ጁላይ በሻናድ ውስጥ 25 ለ20 በሆነ ድምፅ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አለፈ። በጃንዋሪ 2019 በዶይልም 78 ለ45 በሆነ ድምፅ ድጋፍ አገኘ። ሆኖም መንግሥት ከአውሮፓ ኅብረት የንግድ ሥልጣን ጋር ይጋጫል በማለት ስለተቃወመው ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ ቀረ። መንግሥት የራሱን ጠባብ ረቂቅ ንድፍ ይዞ የመጣው በ2025 ነው።

የሁለቱ ሕጎች እጣ ሲነጻጸር የሴናተርነት አቅም ልክ ይታያል። የአልኮሉ ሕግ የመንግሥት ረቂቅ ነበር። ብላክ ያደረጉት የተጀመረውን እንዳይቆም መግፋት፣ እንዳይሸራረፍ መጠበቅና በውስጡ አንድ ጠንካራ አንቀጽ ማስገባት ነው፤ ሕግም ሆነ። ሁለተኛው የራሳቸው ነበር። በሁለቱም ምክር ቤቶች የድምፅ ብልጫ አግኝቶም እንኳ አስፈጻሚው ፈቃዱን ስለነፈገው ቆመ። ስለዚህ የግል ሴናተር ትልቁ ጉልበት ያለው ሐሳብ በማመንጨት ብቻ ሳይሆን መንግሥት ራሱ የጀመረውን ቃሉን እንዲጠብቅ በማስገደድ ላይ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጉዳዩን ጠንቅቆ ማወቅና ሳይታክቱ መመለስ ነው።

ከእኛ ጋር የሚያገናኘው

ይህ ጉዳይ ከአገራችን ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። የጊነስ ባለቤት የሆነው ዲያጆ እ.ኤ.አ በ2012 የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካን ከኢትዮጵያ መንግሥት በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ለአሥር ዓመት ያህል ሲያንቀሳቅስ ቆይቶ በ2022 ለፈረንሳዩ ካስትል ኩባንያ ሸጦታል። ደብረ ብርሃን ላይ ብቅል የሚያመርተው ቡርትማልትም በአየርላንድ አቲ ከተማ የብቅል ፋብሪካ አለው። የሰሜን ሸዋ ገብስ አምራችና የአየርላንዱ ገብስ አምራች ምርታቸውን ለአንድ ድርጅት ያቀርባሉ ማለት ነው። ስለዚህ በአልኮል ላይ የሚወጣ ሕግ የጤና ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የገበሬውም ጉዳይ ነው።

በሕግ ረገድ ኢትዮጵያ በአንዳንድ ነገሮች ከአየርላንድ ቀድማለች። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል፤ መጠጥ መግዛት የሚቻልበትንም ዕድሜ 21 ዓመት አድርጓል። አየርላንድ በቴሌቪዥን ላይ የሰዓት ገደብ ያደረገችው ከዚያ ከዓመታት በኋላ ሲሆን የመሸጫ ዕድሜዋም 18 ነው። አዋጁ ሲወጣ የብሮድካስት ተቋማትና የስፖርት ክለቦች ከቢራ ፋብሪካዎች ያገኙት የነበረውን ገቢ አጥተዋል። በወረቀት ላይ ያለው ሕግ ጥብቅ ነው። ጥያቄው ያለው በየመንደሩ ሱቅ መታወቂያ ጠይቆ የሚሸጥ ነጋዴ መኖር አለመኖሩ ላይ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። የአየርላንድ ሕግ የቆመው በጠርሙስ ላይ ነው። ዋጋው የሚሰላው፣ ማስጠንቀቂያው የሚታተመው፣ መደርደሪያው የሚለየው በፋብሪካ ታሽጎ ለሚወጣ መጠጥ ነው። በእኛ አገር ግን ብዙው ሕዝብ የሚጠጣው በጋን የሚጠመቅ ጠላ፣ ጠጅና በቤት የሚወጣ አረቄ ነው። በአረቄ ላይ ማስጠንቀቂያ አይለጠፍም፤ በግራም ተሰልቶም ዋጋ አይወጣለትም። በተጨማሪም አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ብዙዎች ናቸው። የአየርላንድን የዋጋ እርምጃ እንዳለ ቢቀዱት የቢራውን ጠጪ ወደ አረቄ ሊገፋው ይችላል። አረቄ ደግሞ የአልኮል መጠኑ ከቢራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከአየርላንድ ሊወሰድ የሚገባው ነገር ስለዚህ የዋጋ ቀመሩ አይደለም። ሊወሰድ የሚገባው የክርክሩ አካሄድ ነው። በዚያ ክርክር የባለ ሱቁ ቅሬታ ተሰምቶ መፍትሔ ተበጅቶለታል። የአምራቹ ጥቅም በግልጽ ተነግሯል። የሳይንስ ማስረጃው ቀርቧል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ በምክር ቤት ወንበር የማያገኘው የጠጪው ቤተሰብ ጉዳዩን በሚያውቁ ሰው አንደበት ተደምጧል። በአገራችን የቤተሰብን ችግር በቅርብ የሚያውቁ እድሮች፣ ማኅበራት፣ የሃይማኖት አባቶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ስለ መጠጥ የሚወጣ ደንብ ከመጽደቁ በፊት የእነርሱ ድምፅ ቢሰማ፣ አረቄ አውጪዋ ሌላ መተዳደሪያ የምታገኝበት መንገድም አብሮ ቢታሰብ ሕጉ ከወረቀት ወርዶ መንደር የመግባት ዕድሉ ይሰፋል።

የአየርላንድ የነፍስ ወከፍ ፍጆታ በቅርብ ዓመታት ወደ 10 ሊትር ገደማ ወርዷል። ለ2020 የተቀመጠው የ9.1 ሊትር ግብ ግን በጊዜው አልተመታም። ሕጉ ሠርቷል ወይስ አልሠራም የሚለው ክርክር ይቀጥላል፤ የዋጋው መጠን ከኑሮ ውድነት ጋር እንዲሻሻል የሚጠይቁ ወገኖችም አሉ። የቅርቡ ፈተና ግን ሴፕቴምበር 2028 ነው። ያን ጊዜ ማስጠንቀቂያው በጠርሙሶች ላይ ከታየ ከአሥር ዓመት በፊት በሻናድ የገባው አንቀጽ ሙሉ ትርጉም ያገኛል። እንደገና ከተራዘመ ደግሞ ሕግ ማውጣትና ሕግ ማስፈጸም ሁለት የተለያዩ ትግሎች መሆናቸውን አየርላንድ ለሌሎች አገሮች በድጋሚ ታሳያለች።